የጁሪ መጥሪያ የደረሰው ሰው ምን ያድርግ?

የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ፖስታ በእኛ ሰው ዘንድ የደግ ወሬ ምልክት ሆኖ አያውቅም። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቼና ወዳጆቼም የጁሪ መጥሪያ ሲደርሳቸው የሚደውሉልኝ ደንግጠው ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ነው። ምንም አላጠፉም። የተጠሩት እንዲፈርዱ ነው።

ነገሩ እንግዳ የሚሆንብን አለምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ማስረጃውን የሚመዝነውም ሕጉን የሚተረጉመውም የተሾመ ዳኛ ነው። በአሜሪካ ጁሪ በሚሰየምበት ችሎት ግን ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ዳኛው ሕጉን ያስረዳል። ተከሳሹ ድርጊቱን መፈጸሙ መረጋገጡንና አለመረጋገጡን ደግሞ ከሕዝቡ መካከል በዕጣ ተጠርተው የተመረጡ ሰዎች ይወስናሉ። ይህ የተከሳሽ መብት እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀው 6ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውስጥ ሰፍሯል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በሰጠው ውሳኔ መሠረትም፣ በከባድ ወንጀል አንድን ሰው ጥፋተኛ ለማለት በሁሉም ክፍላተ ግዛቶች የጁሪ አባላቱ ሙሉ ስምምነት ያስፈልጋል። ከአባላቱ አንዱ ካላመነበት የጥፋተኝነት ውሳኔ የለም ማለት ነው።

ስማችሁን ከየት አገኙት? ከመራጮች መዝገብ፣ በብዙ ቦታም ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ነው። ዜጋ ላልሆነ ሰውም መጥሪያ የሚደርሰው በዚህ የተነሳ ነው። በፌዴራል ሕግ የጁሪ አባል የሚሆነው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ በአካባቢው አንድ ዓመት የኖረና እንግሊዝኛ በበቂ ሁኔታ የሚችል የአሜሪካ ዜጋ ነው። በከባድ ወንጀል አለመከሰስና አለመፈረድን የመሳሰሉ ሌሎች መመዘኛዎችም አሉ።

እዚህ ላይ ግሪን ካርድ ያላችሁ ልብ በሉ። ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት፤ ቅጹን ሞልታችሁ «ዜጋ አይደለሁም» ብላችሁ መልሱ። ዜጋ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም በኢሚግሬሽን ሕግ ከባድ ጥፋት ነው። የዜግነት ማመልከቻን ከማበላሸት አልፎ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። በአንዲት ሳጥን ላይ በችኮላ የተደረገች ምልክት የብዙ ዓመት ልፋት ታስከፍላለች።

ዜጋ የሆነ ሰውስ? የፌዴራል መጥሪያን ያለ በቂ ምክንያት ችላ ያለ ሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ፣ እስከ 3 ቀን እስራት ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊጠብቀው ይችላል። በእርግጥ ታክሲ ለሚነዳ ወይም በሰዓት ተከፋይ ለሆነ ሰው ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከፍለው በቀን 50 ዶላር ነው፤ ብዙ የክፍላተ ግዛት ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከዚህ ያነሰ ይከፍላሉ። ቀጣሪ በፌዴራል ጁሪ ምክንያት ሠራተኛውን እንዳያባርር ሕጉ ይከለክላል። ለቀረበት ቀን ደመወዝ እንዲከፍል ግን የፌዴራሉ ሕግ አያስገድደውም። ስለዚህ የታመመ፣ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ የሚያስታምም፣ ቀኑ ያልተመቸው ሰው ዝም ከማለት ይልቅ ምክንያቱን ጠቅሶ ቀጠሮ እንዲለወጥለት ይጠይቅ።

ሌላው ጉዳይ ማጭበርበር ነው። «ጁሪ ቀርተሃል፣ ልትታሰር ነው፣ አሁኑኑ ገንዘብ ላክ» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው። ፍርድ ቤት በስልክ ገንዘብ አይሰበስብም። ስልኩን ዘግታችሁ መጥሪያው ላይ ወዳለው ወይም ከፍርድ ቤቱ ራሱ ወዳገኛችሁት ቁጥር ደውሉ።

«ከዚህ ሁሉ ጣጣ ቢቀርስ?» የሚለኝ ብዙ ነው። እኔ ግን ተከሳሹን አስቡት እላለሁ። የእኛ ሰው በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ለማያውቀው ሰው ይህ የጥፋተኛ ፊት ሊመስለው ይችላል። አክብሮት ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ አንድ ሰው በጁሪው መካከል መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ለወገን ለማድላት ግን አይደለም። በምርጫው ወቅት ጠበቆችና ዳኛው ሲጠይቁ እውነቱን መናገር፣ ማድላት የሚያሰጋው ሰውም ይህንኑ መግለጽ ይገባዋል።

ይህ ደግሞ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓታችን ሁለት ተሟጋቾች መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር። እሱም የራሱን ጉዳይ አቆይቶ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሁለቱንም ቃል ይሰማ ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል» የሚባለው ለዚህ ነው። መጥሪያው የደረሳችሁ እንግዲህ ቅጹን በእውነት ሞልታችሁ በጊዜው መልሱ፤ ቀኑ ሲደርስም ሂዱ።

በቸር ይግጠመን።