ያውቁ ኖሯል? ማሞ ቂሎን በሥዕል ያስነበቡት ሰው

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ያደጉት ነገሌ ቦረና ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ የልብ ወለድ መጽሐፍ እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር። ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በመደርደሪያው ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ። ይህ አላስተኛቸውም። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ በሥዕል አስደግፈው በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ሾላ በሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍት የተደረደሩበትን ጋሪ አህያ እየጎተተች ለልጆች አደረሰች፤ ከሁሉ እኔን የሚነካኝ ይህ ነው።

ዘመሮ ከተማ ላይም በብርዱ ማታ ባና ተከናንቦ፣ ምድጃ ዳር ተረት የሚሰማ ልጅ አለ። አያቶች የሚነግሩትን እባካችሁ ጻፉለት፤ ሥዕልም ጨምሩበት።