የአሚሾች ጋሪ በካሜራ ዓይን

ግራጫ ከሆነ የአሚሽ፣ ጥቁር ከሆነ የወግ አጥባቂ ሜኖናይት። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ላንካስተር አውራጃ ውስጥ የፈረስ ጋሪ ፎቶ ለማንሳት መንገድ ዳር የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው። ቢግ ቫሊ ወደሚባለው ሸለቆ የዘለቀ ደግሞ በአንድ መንገድ ላይ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ጋሪዎች ሲተላለፉ ያያል። ሦስቱም የአሚሾች ናቸው፤ ጉባኤያቸው ግን የተለያየ ነው። ቀለሙን የሚወስነው የጉባኤው ሥርዓት እንጂ የባለቤቱ ምርጫ ስላልሆነ፣ በቅጡ የተነሳ የጋሪ ፎቶ የተሳፋሪው ፊት ባይታይበትም እንኳ ሰውየው የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ ይናገራል።

ፊት አለመታየቱ ደግሞ የጨዋነት ጉዳይ ነው። አሚሾች እ.ኤ.አ. በ1693 በያዕቆብ አማን መሪነት ከስዊስና ከአልዛስ ሜኖናይቶች ተለይተው የወጡ ክርስቲያኖች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንሲልቬኒያ ተሻገሩ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ380 ሺህ በላይ ነው። በኦሪት ዘጸአት 20 ላይ የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለውን ትእዛዝ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ለፎቶ መቆምንም ራስን እንደማጉላት ያዩታል። የፔንሲልቬኒያ መንግሥትም ይህን እምነት አክብሮ ፎቶ የሌለበት መታወቂያ ይሰጣቸዋል። በተግባር ግን ብዙዎቹ እርሻቸውን፣ ፈረሳቸውንና ጋሪያቸውን ከርቀት የሚያነሳን ሰው አይከለክሉም። የሚያስከፋቸው ፊታቸው ላይ የሚደገን ሌንስ ነው። ይህ ገደብ ፎቶ አንሺውን የሚጎዳ ይመስላል፤ እንዲያውም ይጠቅመዋል። ሰውን በፊቱ ማሳየት ሲከለከል፣ ዕቃውን ልብ ብሎ ማየት ግድ ይሆናል።

አሚሾች የተለዩበት የሜኖናይት ወገን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ ባዳ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜኖናይቶች አዳማ ላይ ሆስፒታል ከፍተው አገልግለዋል፤ ሚሲዮናውያኑን ሲልክ የኖረውም ማኅበር መቀመጫው እዚያው ላንካስተር ነበር። ከዚያ ሥራ የበቀለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በአባላት ብዛት ከዓለም የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ቀዳሚዋ ናት።

ጋሪውን ቀረብ ብሎ ለሚያየው የጥንት ዕቃ አይደለም። የላንካስተሩ ጋሪ አካል ብዙውን ጊዜ ከፋይበርግላስ ይሠራል፤ በሩ በጎን ይንሸራተታል። ከእግር ሥር እንደ መኪና በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን አለው። ባትሪው የፊት መብራቱንና ፍሬቻውን ያበራል። መንኮራኩሩ ግን ጎማ ሳይሆን ብረት የለበሰ ነው፤ ድምፁም ከርቀት የሚሰማው ለዚህ ነው። ከኮረብታ ጀርባ የሚመጣ ጋሪ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ካሜራውን ለማዘጋጀት ይህ ጊዜ ይበቃል። አዲስ ጋሪ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ፈረሱም የራሱ ታሪክ አለው። አብዛኛው ስታንዳርድብሬድ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በሶምሶማ ውድድር ሜዳ ላይ ሮጠው የተሰናበቱ ናቸው። ጋሪ ሲጎትት በሰዓት ከ8 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሶምሶማ ፈረስ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ እግሩን አንድ ላይ ያነሳል፤ ከዚያ ሌላውን ጥንድ። በሁለቱ መካከል አራቱም ኮቴዎች ለአንድ አፍታ ከመሬት ይለቃሉ። ይህን በዓይን ማረጋገጥ ስለማይቻል ሰዎች ዘመናት ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ 12 ካሜራ ደርድሮ፣ የባለጸጋውን የሊላንድ ስታንፎርድን ኤብ ኤጂንግተን የተባለ ፈረስ ባለሁለት እግር ጋሪ እየጎተተ ሲሮጥ አነሳው። የሶምሶማን ምስጢር ለዓለም ካሳዩት ፎቶዎች አንዱ እንግዲህ የፈረስ ጋሪ ፎቶ ነው።

የዛሬው ፎቶ አንሺ ያቺኑ ቅጽበት በአንድ ካሜራ ይይዛታል፤ ሻተሩን በ1/1000 ሰከንድ ላይ ማድረግ ይበቃል። ችግሩ በዚያ ፍጥነት የመንኮራኩሩ ዘንጎች አንድ በአንድ ጥርት ብለው ስለሚታዩ ጋሪው የቆመ ይመስላል። 1/60 ላይ አድርጎ ካሜራውን ከጋሪው ጋር እኩል ማዞር ይሻላል። አካሉ ይጠራል፣ ዘንጎቹ ይደባለቃሉ፣ በቆሎው እርሻ ከኋላ ወደ አረንጓዴ መስመር ይለወጣል። ብዙው ፎቶ ይበላሻል፤ የተሳካው ግን ጉዞውን ያሳያል። ማታ ብልጭታ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ የደነገጠ ፈረስ ቤተሰብ ያሳፈረ ጋሪ ይዞ ወደ አስፋልቱ መሀል ይገባል።

ከጋሪው ኋላ የሚለጠፈው ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን በግራጫው ላይ ጎልቶ ስለሚወጣ የፎቶው ማዕከል ይሆናል። ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ለዝግተኛ የእርሻ ተሽከርካሪዎች ነበር። ሽዋርትዘንትሩበር የሚባሉት እጅግ ጥብቅ አሚሾች ቀለሙ ዓለማዊ ነው፣ ጥበቃችንም ከእግዚአብሔር ነው ብለው አይቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንታኪ ግዛት ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በዚህ ጉዳይ የተጣለባቸውን መቀጫ አንከፍልም ብለው ታስረዋል። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ በምትኩ ነጭ ወይም ብርማ አንጸባራቂ ጥብጣብ ተፈቀደላቸው። አንድ ጥብጣብ በፎቶው ላይ ሲታይ ያን ሁሉ ክርክር ይዞ ነው።

መንገዱ ራሱም መታየት አለበት። ኮቴ ላይ የተመታው ብረት አስፋልቱን ስለሚፍቀው፣ ጋሪ በሚበዛበት ቦታ ከመስመሩ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥርጊያ ይታያል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይይዛል፣ ያን ጊዜ ለፎቶ ይመቻል። የላንካስተር አሚሾች ብስክሌት ስለማይነዱ ከትምህርት ቤት ግድግዳ ጋር የተደገፉት በእግር የሚገፉ ስኩተሮች ናቸው። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው፤ ከቤቱ እስከ ጎተራው ጫፍ በተዘረጋው ገመድ ላይ ጥቁር ሱሪና ሐምራዊ ቀሚስ በየመጠኑ ተሰጥቶ የቤተሰቡን ብዛት ይቆጥራል። ጆርጅ ታይስ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1970 «ፊልድስ ኦቭ ፒስ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አገር በጥቁርና ነጭ አሳይቷል፤ ወደዚያ ካሜራ ይዞ ከመሄድ በፊት እርሱን ማገላበጥ ይጠቅማል።

ጋሪውን ከቅርብ ለማየት የሚመቸው ጊዜ የክረምቱ መጨረሻና የጸደይ መባቻ ነው። በዚያ ወቅት የየመንደሩ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድኖች ለሥራቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ጨረታ ያዘጋጃሉ። ሜዳው በበረዶ ቅላጭ ስለሚጨቀይ የጭቃ ሽያጭ ይባላል። ያገለገሉ ጋሪዎች ፈረሳቸው ተፈትቶ፣ ሰው ሳይኖርባቸው፣ በሽያጭ ቁጥር ተደርድረው ይቆማሉ። በሩን ገፋ አድርጎ የፍሬኑን ፔዳል፣ የተቀመጡበትን ያለቀ ወንበርና የልጓም ገመድ ያለሰለሰውን የፊት ጠርዝ ለማንሳት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።