ስስ አየርና ትንሽ ክንፍ፦ በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን በደጋ ምድር



የዛሬውን ርእስ የሰሙ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ ይዘህ መድረክ ልትወጣ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ አዎን ነው። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ70 የሆነው ነገር፣ በእርግጥም መጫወቻ ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁትን አንድ ቀመር በወጉ እንዳልተረዳሁት ያሳየኝ የዚህ ዓይነት መጫወቻ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ሞዴል አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ የትልቁ አውሮፕላን ቅጂ ተደርጎ ይታሰባል። በታሪክ ቅደም ተከተል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሹ ትልቁን ቀድሞታል። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በ1871 እ.ኤ.አ. በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሞዴል ሠርቶ በፓሪስ የቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ለ11 ሰከንድ አበረረ። የራይት ወንድማማቾችም በልጅነታቸው አባታቸው ያመጡላቸው በላስቲክ የሚበር መጫወቻ የዚሁ ሰው ሐሳብ ውጤት ነበር። አሜሪካዊው ሳሙኤል ላንግሊ ደግሞ ሜይ 6 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ሰው የሌለበትንና በእንፋሎት የሚሠራውን ሞዴሉን በፖቶማክ ወንዝ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ያህል አበረረ። ንድፉን ሰው እንዲይዝ አድርጎ አሳድጎ በ1903 ሲሞክረው ግን ሁለት ጊዜ ወንዙ ውስጥ ገባ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ አንዱ ለተማሪዎቻችን ሁሉ የሚጠቅም ነው፤ የአንድን ነገር ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በእጥፍ ስታሳድጉ የክንፉ ስፋት 4 እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ለትንሹ የበቃ አጥንት ለትልቁ አይበቃም።

ሬዲዮው የመጣው ዘግይቶ ነው። ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማቾች በ1930ዎቹ መጨረሻ «ጋፍ» ብለው የሰየሙትን ሞዴል ከምድር በሬዲዮ ሲመሩ፣ መሣሪያውም ባትሪውም ለአንድ ሞዴል እጅግ ከባድ ነበር። ዛሬ መቀበያው ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ይህን ካልሁ ዘንድ ታሪኩን ልተወውና ወደ ራሴ ውድቀት ልሻገር።

የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልሁባት በኔዘርላንድስ፣ ከባሕር ጠለል ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞዴል የሚያበርሩ አዛውንቶች አገኘሁ። ጡረታ የወጡ አናጢዎችና መምህራን ነበሩ። ሲያስተምሩ ብዙ አያወሩም፤ ስትሳሳት ዝም ብለው ያዩሃል፣ ከወደቀ በኋላ ስብርባሪውን አብረውህ ይለቅማሉ። ባልሳ ከሚባለው፣ ከደቡብ አሜሪካ ከሚመጣው እጅግ ቀላል እንጨት አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቼ ክንፉ 1 ሜትር ከ40፣ ክብደቱ 1.2 ኪሎ ግራም የሆነ አውሮፕላን አበረርሁ። ሁለት ዓመት ያለ ከባድ አደጋ በረረልኝ። ትምህርቴን ስጨርስ ክንፉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ አገሬ ይዤው መጣሁ።

በሱሉልታ ሜዳ፣ በተማሪዎቼ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረወርሁት። እየተንገታገተ ተነሣ። የመጀመሪያውን መዞሪያ ስጀምር የውስጠኛው ክንፍ ድንገት ወደቀ፤ አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ተሽከርክሮ የታረሰ ማሳ ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ። ነፋሱ ነው አልሁ። ጠገንሁትና በሌላ ቅዳሜ ተመለስን፤ በዚያው መዞሪያ ላይ በዚያው አኳኋን ወደቀ። ባትሪው ነው አልሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ምክንያት አጣሁ። ያን ጊዜ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ በትሕትና፣ «ዶክተር፣ ዝቅተኛውን ፍጥነት ሲያሰሉ የአየሩን እፍግታ ስንት ብለው ወስደውት ነው?» አለችኝ።

ገና መልሱን ሳልናገር ፊቴ ጋለ። በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎ ግራም ብዬ ነበር። ይህ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘው፣ በባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ አየር እፍግታ ነው። እኔ ግን የቆምሁት ከ2600 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ምድር፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሥር ነበር። በዚያ ቦታና ሰዓት እፍግታው ወደ 0.87 ይወርዳል። ሱሉልታ ሯጮቻችን የሚሠለጥኑበት ስፍራ መሆኑን በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም፤ ለሳንባ ስስ የሆነ አየር ለክንፍም ስስ መሆኑን ግን እኔ፣ መምህሩ፣ አላሰብሁትም።

ሒሳቡን አብረን እንየው። ክንፍ የሚያመነጨው ማንሻ ኃይል በአየሩ እፍግታ፣ በክንፉ ስፋትና በራሱ በተባዛ ፍጥነት ልክ ያድጋል። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነት መጨመር የግድ ነው። ክንፉ ሊሸከምበት ከሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በታች ሲወርድ፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ ለቅቆ ይበታተናል፤ አብራሪዎች ይህን «ስቶል» ይሉታል። የእኔ አውሮፕላን በኔዘርላንድስ ሜዳ ይህ ዝቅተኛ ፍጥነቱ በሴኮንድ 7.5 ሜትር ገደማ ነበር። በሱሉልታ 9 ሜትር ሆነ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መዞሪያውን ስንጨምርበት ግን ነገሩ ይከፋል። አውሮፕላን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞር ክንፉ ከክብደቱ 1.4 እጥፍ የሚሆን ጭነት ይሸከማል፤ ዝቅተኛው ፍጥነትም 19 በመቶ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በኔዘርላንድስ በመዞሪያ ላይ 9 ሜትር በሴኮንድ ይበቃ ነበር፤ በሱሉልታ ከ10.5 በላይ ያስፈልጋል። ዓይኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመደው በ10 ሜትር በሴኮንድ ገደማ መዞርን ነው። ከምድር ለሚያየው ሰው አውሮፕላኑ «እንደ ወትሮው» ነበር የሚበረው። ያ ወትሮ የሌላ አገር ወትሮ ነበር። ነፋሱም ባትሪውም ንጹሓን ነበሩ።

ፕሮፔለሩም የድርሻውን አጉድሏል። ኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር ኦክስጅን አይርበውም፤ ሆኖም ፕሮፔለር የሚገፋው አየርን ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ኋላ የሚወረውረው መጠነ ቁስ ያንሳል። መነሻው ላይ ያየሁት መንገታገት ይህ ነበር። መፍትሔው ከፍ ያለ ዲያሜትር ያለው ፕሮፔለር መግጠም ነው፤ በእርግጥ ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከልክ እንዳያልፍ በመለኪያ እያረጋገጡ።

ያቺ ተማሪ በጥያቄዋ አልቆመችም። የድሮውን ዝቅተኛ ፍጥነት በሱሉልታ አየር ለመመለስ፣ ወይ ከአውሮፕላኑ 350 ግራም ያህል መቀነስ ወይም ክንፉን ከ40 በመቶ በላይ ማስፋት እንደሚያሻ አሰላች። ከዚያም ከጓደኞቿ ጋር ሆና ይህን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሠሩ። ባልሳ በገበያችን በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ የቴሌቪዥንና የማቀዝቀዣ ማሸጊያ ሆኖ የሚመጣውን ነጭ ፎም ቆርጠው ክንፉን አበጁ፤ በውስጡም ለአጥንትነት የተሰነጠቀ ቀርከሃ አጋደሙበት። ቀርከሃ በክብደቱ ልክ ሲመዘን እጅግ ጠንካራ ነው። እኔ ከውጭ ካመጣሁት የተሻለ ማቴሪያል ከቤታችን ደጃፍ መገኘቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቂት ቀናት ቅር አሰኝቶኝ ነበር። የክንፉ ወርድ 25 ሴንቲ ሜትር፣ የአውሮፕላኑ ክብደት 1.1 ኪሎ ግራም ነው። ዝቅተኛ ፍጥነቱ በዚያው በእኩለ ቀን አየር 7.3 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል።

ለመሥራት ለምትነሣሡ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የክብደት ማዕከል ነው። ክንፉን ከሥር በሁለት ጣት ደግፋችሁ ስታነሡት አውሮፕላኑ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አንስቶ የወርዱ ሩብና ሢሶ በሆኑት ነጥቦች መካከል፣ በዚህኛው ላይ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፣ መሆን አለበት። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን እየተጎተተ ይበራል፤ ጅራቱ የከበደ ግን ሲረበሽ ራሱን አያቀናም፣ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ይበራል። ባትሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማንሸራተት ብቻ ይስተካከላል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ጀማሪ የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የአእምሮ ጉዳይ ነው። አውሮፕላኑ ከእናንተ እየራቀ ሲሄድ ግራው ግራችሁ ነው፤ ፊቱን ወደ እናንተ ሲመልስ ግን ግራው ቀኛችሁ ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህን የማይረዳ የለም። በ30 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ ዓይናችሁን እየወጋችሁ፣ ለመወሰን አንድ ሰከንድ ሲቀራችሁ ግን እጅ ይሳሳታል። የኔዘርላንድስ አዛውንቶች ያስተማሩኝ ዘዴ እንዲህ ነው፦ አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ዝቅ ያለውን ክንፍ ልትደግፉት እንደፈለጋችሁ አስቡና፣ የመቆጣጠሪያውን ዘንግ ወደ ወረደው ክንፍ በኩል ግፉት። ክንፉ ይነሣል። ለምን እንደሆነ ቤታችሁ ገብታችሁ ሥዕል ሠርታችሁ ድረሱበት።

ስለ ትንሽነት አንድ ነገር ልበል። በኦገስት 2003 እ.ኤ.አ. ሜናርድ ሂል የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከቡድናቸው ጋር የሠሩት ሞዴል ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ አየርላንድ አረፈ። ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በረረ። ሲነሣና ሲያርፍ በሬዲዮ ተመርቷል፤ ውቅያኖሱን ያቋረጠው ግን በራሱ መሪ መሣሪያ ነው። ነዳጁን ጨምሮ 5 ኪሎ ግራም አልሞላም። እኚህ ሰው በዚያን ጊዜ ከ75 ዓመት በላይ ነበሩ፤ ዓይናቸውም ጆሮአቸውም ደክሞ ነበር። መጫወቻ ነው ላሉኝ ባልደረባዬ ይህን ነግሬአቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።

ፈቃድን በተመለከተ፣ በሬዲዮ የሚመራ ማንኛውንም ነገር ወደ ሰማይ ከመልቀቅ በፊት የሚመለከታቸውን አካላት መጠየቅ ያሻል፤ እኛም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አንድም ጊዜ አልወጣንም። ከሰው፣ ከከብትና ከመንገድ መራቅም እንዲሁ። የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ሊነድ ስለሚችል፣ የወደቀ አውሮፕላን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ አይከተትም።

የልጆቹ አውሮፕላን በመጀመሪያ ቀኑ ዐሥራ አንድ ደቂቃ በረረ። ወርዋሪዋ እርሷ ነበረች፤ መቆጣጠሪያውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ያንን መዞሪያ ስጀምር እጄ እንደተንቀጠቀጠ መደበቅ አልችልም። ክንፉ አዘነበለ፣ ዞረ፣ ቀና አለ። ከጎኔ የቆመችው ተማሪ አውሮፕላኑን ሳይሆን ማስታወሻ ደብተሯን ነበር የምታየው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ሳለ፣ ነፋሱም ሳይነሣ፣ ፈቃዱን ይዘን እንወጣለን። መምጣት የምትፈልጉ ኮፍያ ያዙ፤ ሜዳው ጥላ የለውም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።