የሙቀት ካርታና የቢትኮይን ሒሳብ መኪናዎች

ብዙ መኪናዎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሌሊትና ቀን ሲሠሩ ከመካከላቸው የታመመውን ለይቶ ማወቅ እንደምን ይቻላል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡት ዘዴዎች ስለ አንዱ፣ ይኸውም ሂትማፕ ስለሚባለው የሙቀት ካርታ ነው።

አስቀድመን ስለ መኪናው ጥቂት እንናገር። የቢትኮይን ገንዘብ መዝገብ የሚጠበቀው ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ የሒሳብ መኪናዎች አንድ ተፈላጊ ቁጥር ለማግኘት በሚያደርጉት የማያቋርጥ ሙከራ ነው። ሥራው በዘልማድ ማዕድን ማውጣት ሲባል፣ በአንድ ሴኮንድ የሚደረገው ሙከራ ብዛት ደግሞ ሃሽሬት ይባላል። ለምሳሌ አንትማይነር ኤስ 19 የተባለው መኪና በሴኮንድ 95 ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ያደርጋል፤ የሚፈጀውም ኀይል 3,250 ዋት ገደማ ነው። ይህም ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ፍጆታ ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን ምጣዱ ጋገራው ሲያልቅ ይጠፋል፤ መኪናው ግን አያርፍም። የሚፈጀውም ኀይል ከሞላ ጐደል ሁሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ማራገቢያው ሙቀቱን ካላስወጣለት ወይ ሥራውን ይቀንሳል፣ ወይ ያቆማል፣ ወይም ይቃጠላል።

እንግዲህ 100 መኪናዎች ያሉበትን አዳራሽ እናስብ። 99ኙ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንዱ ብቻ 95 ዲግሪ ቢያሳዩ አማካዩ 60.35 ይሆናል። ይህን ቁጥር ያየ ጠባቂ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይተኛል። መቶውን ቁጥር በዝርዝር ቢሰጡትም ዐይኑ ይደክማል። በሙቀት ካርታ ላይ ግን እያንዳንዱ መኪና በመደርደሪያው ላይ ባለበት ቦታ ልክ አንድ ሣጥን ይሆንና እንደ ሙቀቱ መጠን ቀለም ይቀባል። የታመመው በአረንጓዴ መካከል እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ይህን የመሰለው አሣሣል አዲስ አይደለም፤ በፈረንሳይ ቱሴን ሉዋ የተባለው የስታቲስቲክስ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1873 የፓሪስን 20 ወረዳዎች ሁኔታ በቀለም በተለዩ ሣጥኖች አሳይቶ ነበር።

የካርታው ዋና ጥቅም ግን ሙቀቱን ማሳየቱ ብቻ ሳይሆን ቦታውን ማሳየቱ ነው፤ ቦታው ምክንያቱን ይጠቁማልና። አንድ ሣጥን ብቻውን ከቀላ ሕመሙ የራሱ ነው፤ ማራገቢያው ቆሟል ወይም አቧራ ዘግቶታል ብለን እንጠረጥራለን። የላይኛው ረድፍ በሙሉ ከቀላ ግን ጥፋቱ የመኪናዎቹ ሳይሆን የአዳራሹ ነው፤ የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እየገባ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መኪና መፍታት ድካም ብቻ ነው፤ የሚሻለው የአየሩን መንገድ ማስተካከል ነው።

ሆኖም የሙቀቱ ካርታ ብቻውን ያሳስታል። ስለዚህ የሃሽሬቱን ካርታ ከጐኑ ማኖር ይገባል። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ሥራው የወረደ መኪና ራሱን ለማዳን የሚታገል ነው። ሙቀቱም ሥራውም የወረደ መኪና ግን በሙቀት ካርታው ላይ ጤነኛ ይመስላል እንጂ ከሦስቱ የሒሳብ ቦርዶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሞተው ይሆናል። የቀዘቀዘ ሁሉ ደኅና አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄዎችም አሉ። አንደኛ፣ የቀለሙ መለኪያ የጸና መሆን አለበት፤ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ቁጥር እየተነሣ የሚቀባ ከሆነ የሁለት ዲግሪ ልዩነት እንኳ እሳት ይመስላል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ያልላከ መኪና ግራጫ እንጂ የቀዝቃዛ ቀለም ሊሰጠው አይገባም።

ይህ ነገር ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ቢትኮይን ለሚያወጡ ኩባንያዎች ኀይል ሸጧል። በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የኤስ 19 ሠሪዎች መኪናው የሚችለውን የአካባቢ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ወስነው፣ ከ900 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። እንግዲያስ በ2,000 ሜትር ላይ ወሰኑ 36 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ወደ መኪናዎቹ የሚገባውን አየር ሙቀት የሚያሳይ ካርታ በቈላ አገር የተበጀለትን የቀለም መለኪያ እንዳለ መቅዳት የለበትም።

ኀይሉ ለዚህ ሥራ መዋል ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ መብራት ያልደረሰው ቤት ብዙ በሆነበት አገር ኀይሉ ያለ ሥራ ሙቀት ብቻ ሆኖ ሲባክን ዝም ብሎ ማየት እንደማይገባ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙ ይመስለናል። ብክነቱን ለማስቀረት ደግሞ በመጀመሪያ የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።