ሁለት ጊዜ የፈረሰው ቡድን

በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ብራዚልና ጃማይካ የምድባቸውን የመጨረሻ ጨዋታ ሜልቦርን ላይ ሲያደርጉ፣ ብራዚል ማለፏን ለማረጋገጥ የግድ ማሸነፍ ነበረባት። ለጃማይካ አቻ ይበቃት ነበር። ዘጠና ደቂቃውም የባከነው ሰዓትም አለቀ፤ ጎል ግን አልተቆጠረም። ስድስት የዓለም ዋንጫ የተጫወተችው የብራዚሏ ማርታ ከነቡድኗ ተሰናበተች፣ ጃማይካ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባች። በሴቶች ዓለም ዋንጫ ታሪክ ከካሪቢያን አገሮች እዚያ የደረሰ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ጃማይካ ወደ 2.8 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት፣ ስፋቷ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ደሴት ናት። የሕዝቧ ቁጥር ከአዲስ አበባ ነዋሪ ያንሳል። እንዲህ ያለች አገር ብራዚልን ከውድድር ማስወጣቷ ይደንቃል። እኔን ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ ቡድኑ ያን ቀን ጭራሽ መኖሩ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁለት ጊዜ ፈርሶ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሔራዊ ቡድን ፈረሰ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ክለብ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ብሔራዊ ቡድን ግን ሲጠራ ብቻ የሚሰበሰብ ነው። ፌዴሬሽኑ አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ ተጫዋቾችን ከያሉበት ይጠራል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ሆቴልና ሜዳ ይይዛል፣ ሐኪም ያዘጋጃል፣ የወዳጅነት ጨዋታ ይፈልጋል። ተጫዋቾቹ በኪንግስተን፣ በፍሎሪዳና በለንደን ተበትነው በሚኖሩበት ቡድን እያንዳንዱ ጥሪ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ገንዘቡ ሲቋረጥ ጥሪው ይቀራል፤ ጥሪው ከቀረ ቡድን የለም። ውሳኔውን ማንም በአደባባይ ማወጅ አይጠበቅበትም።

በጃማይካ የሆነውም ይኸው ነው። በቅጽል ስማቸው ሬጌ ገርልዝ የሚባሉት ሴቶች ከ1991 ጀምሮ በሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ እንዲሁም በካሪቢያን የማጣሪያ ውድድሮች ይሳተፉ ነበር። ፌዴሬሽኑ ገንዘብ ሲያጥረው ግን መጀመሪያ የተቆረጠው የእነሱ በጀት ነበር። የወንዶቹ ቡድን በ1998 ፈረንሳይ ላይ በዓለም ዋንጫ ተጫውቶ የአገር ኩራት ሆኗል፤ ስፖንሰርም ተመልካችም ወደዚያ ያደላል። ፊፋ ደግሞ ደረጃ የሚያወጣው በተደረጉ ጨዋታዎች ውጤት ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተጫወተ ቡድን ከሰንጠረዡ ይወጣል። በ2011 የጃማይካ ሴቶች ስም ከዝርዝሩ ጠፋ። ደረጃቸው ዝቅ ቢል ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ ጭራሽ እንደሌሉ ተቆጠሩ።

በ2014 አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ በራሪ ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ወረቀቱ ለጃማይካ የሴቶች ቡድን ገንዘብ እንዲዋጣ የሚጠይቅ ነበር። የልጁ እናት ሴዴላ ማርሌ ናት፤ የቦብ ማርሌ ልጅ። ቦብን የኢትዮጵያ አንባቢ በዘፈኑና በራስ ተፈሪያን እምነቱ ያውቀዋል። ኳስ ግን ሁለተኛ ሕይወቱ ነበር፤ በጉዞ እንኳ ከሙዚቃ ቡድኑ ጋር ሜዳ ፈልጎ ይጫወት ነበር። ሴዴላ ፌዴሬሽኑን አነጋገረች፣ ከወንድሞቿ ከስቴፈንና ከዴሚያን ጋር ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘፈን አወጣች፣ በቦብ ማርሌ ፋውንዴሽን በኩልም ድጋፍ አመጣች። ቡድኑ ተሰበሰበ። የ2015ቱ ዓለም ዋንጫ አመለጠው፣ የ2016ቱ ኦሊምፒክም እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ተበተነ።

ሁለተኛው መሰባሰብ በ2018 ነው። አሰልጣኙ ሂው ሜንዚስ ፍሎሪዳ ውስጥ የወጣቶች ክለብ የሚመራ ሰው ሲሆን፣ ብሔራዊ ቡድኑን በነጻ ነበር የሚያሰለጥነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር፣ ቴክሳስ ውስጥ በምትገኘው ፍሪስኮ ከተማ፣ ጃማይካና ፓናማ ለዓለም ዋንጫ በቀረችው አንዲት ቀጥተኛ ቦታ ተፋጠጡ። ጨዋታው 2ለ2 አልቆ ወደ መለያ ምት አመራ። ሜንዚስ በጭማሪው ሰዓት መጨረሻ በረኛዋን አስወጥቶ ኒኮል መክሉርን አስገባ፤ እሷም ሁለት ምት አዳነች። ዶሚኒክ ቦንድ ፍላዛ የመጨረሻውን ስታስቆጥር ጃማይካ በሴቶች ዓለም ዋንጫ የምትሳተፍ የመጀመሪያዋ የካሪቢያን አገር ሆነች።

በ2019 ፈረንሳይ ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ፦ በብራዚል 3ለ0፣ በጣሊያን 5ለ0፣ በአውስትራሊያ 4ለ1። ያቺን አንዲት ጎል ያገባችው ሃቫና ሶላውን ናት። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ቡድኑ የማይገባው ቦታ ሄደ ሊል ይችላል። እኔ አልልም። ለሁለት ዓመት ያህል ተበትኖ የቆየ ቡድን በወራት ዝግጅት እዚያ መድረሱ የችሎታውን ልክ ያሳያል። ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ተጫዋቾቹ ክፍያችን ካልተሰጠን አንጫወትም ብለው በአደባባይ ጠየቁ፤ ሜንዚስም በዚያው ዓመት ለቀቀ።

ለመሆኑ ተጫዋቾቹ ከየት ይመጣሉ? የአትሌቲክስ ወዳጅ የሆነ አንባቢ የጃማይካን ሴቶች በአጭር ርቀት ሩጫ ያውቃቸዋል፤ እንደ ሼሊ አን ፍሬዘር ፕራይስና ኢሌን ቶምፕሰን ሄራ ያሉ ስመ ጥሮችን ያፈራው ይህ ስፖርት ፈጣኖቹን ልጆች ገና በትምህርት ቤት ይወስዳቸዋል። ኔትቦልም የራሱን ድርሻ ይይዛል። ኳስ የመረጠች ልጅ የሚጠብቃት መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ አሜሪካ የሚያደርስ ነው። እዚያ በ1972 የወጣ ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶችን በጾታ እንዳያዳሉ ስለሚከለክል፣ ኮሌጆች ለሴት ኳስ ተጫዋቾች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። የደሴቲቱ ፌዴሬሽን ያላዋቀረውን የሥልጠና ሥርዓት የሌላ አገር ኮሌጅ ሸፈነው ማለት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ ጃማይካውያን ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። በፊፋ ደንብ ወላጅህ ወይም አያትህ የተወለዱበት አገር ልትጫወትለት ትችላለህ። በረኛዋ ሬቤካ ስፔንሰርና ለእንግሊዝ ዋና ቡድን ተሰልፋ የነበረችው ድሩ ስፔንስ ለንደን ያደጉ ናቸው።

ካዲጃ ሾው ግን የደሴቲቱ ልጅ ናት። በ1997 ስፓኒሽ ታውን ተወለደች፤ በልጅነቷ ካሮት ስለምትወድ ባኒ ይሏታል። ለኮሌጅ ትምህርት ወደ ፍሎሪዳ ከዚያም ወደ ቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። በነዚያ ዓመታት ወንድሞቿን በጥይትና በመኪና አደጋ አጣች፤ ኀዘኑ አላቆማትም። ከፈረንሳዩ ቦርዶ በ2021 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ተዛውራ በ2023/24 በእንግሊዝ ሊግ በ21 ጎል ከፍተኛ አግቢ ሆናለች። ለጃማይካ ብሔራዊ ቡድን ከወንድም ከሴትም እሷን ያህል ጎል ያስቆጠረ የለም።

እንዲህ ያለች ተጫዋች ያላት አገር የ2023ቱን ዓለም ዋንጫ እንዴት ተዘጋጀችበት? ውድድሩ ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተጫዋቾቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ደብዳቤ አወጡ። ዕቅድ የለም፣ መጓጓዣው፣ ማረፊያውና ምግቡ ከደረጃ በታች ነው፣ በውል የተስማማንበት ክፍያ አልደረሰንም፣ በዝግጅት ጉድለት የወዳጅነት ጨዋታዎች ቀርተውብናል የሚል ነበር። የአንዷ ተጫዋች እናት በኢንተርኔት መዋጮ ጠየቀች፤ ከየአገሩ ሰው አዋጣ። ወደ ዓለም ዋንጫ የሚሄድ ቡድን በወላጅ ልመና ሲደራጅ ማየት ያሳዝናል፣ ያስቆጣልም።

በሜዳ ላይ የሆነው ሌላ ነው። አሰልጣኙ ሎርን ዶናልድሰን ጃማይካ ተወልዶ ኮሎራዶ ውስጥ ወጣቶችን ለብዙ ዓመታት ያሰለጠነ ሰው ነው፤ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን የደረሱት ማሎሪ ስዋንሰንና ሶፊያ ስሚዝ በልጅነታቸው በእሱ እጅ አልፈዋል። ብዙ ጨዋታ አብሮ ያላደረገ ቡድን በማጥቃት መናበብ ይቸግረዋል፤ ማጥቃት ጊዜ የሚፈልግ የጋራ ልማድ ነው። መከላከል ግን በአጭር ዝግጅትም ሊደራጅ ይችላል፦ መስመሮቹን ማቀራረብ፣ መሀሉን መዝጋት፣ ኳስ ሲገኝ በረጅሙ ወደ ሾው መላክ። ዶናልድሰን የመረጠው ይህን ነው። ሲድኒ ላይ ከፈረንሳይ ጋር 0ለ0 ወጡ፤ ሾው ግን በባከነ ሰዓት ሁለተኛ ቢጫ አይታ በቀይ ካርድ ወጣች። ፐርዝ ላይ ያለ እሷ ፓናማን ገጠሙ። ትሩዲ ካርተር ያሻማችውን የማዕዘን ምት ተከላካይዋ አሊሰን ስዋቢ በጭንቅላት አገባች፤ ጃማይካ በሴቶች ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ብራዚል መጣች። በሦስት የምድብ ጨዋታዎች አንድም ጎል አልገባባቸውም። በጥሎ ማለፉ የኮሎምቢያዋ ካታሊና ኡስሜ ባስቆጠረችው አንድ ጎል ተሸንፈው ወጡ።

ፊፋ በዚያ ውድድር አዲስ አሠራር አምጥቶ ነበር፤ ምድብ ላይ ለተሳተፈች ተጫዋች ቢያንስ 30 ሺህ ዶላር፣ ወደ ጥሎ ማለፍ ላለፈች 60 ሺህ ዶላር መደበ። የጃማይካ ሊግ ተጫዋች ይህን ያህል ገንዘብ በኳስ አይታ አታውቅም። ገንዘቡ ግን በየአገሩ ፌዴሬሽን በኩል ነው የሚያልፈው፣ ችግሩም ከዚያው ጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በጥቅምት፣ ዋናዎቹ ተጫዋቾች የሚገባን ክፍያ ሙሉ በሙሉ አልተከፈለንም፣ አያያዛችንም ተገቢ አይደለም ብለው ለማጣሪያ ጨዋታዎች አንሰለፍም አሉ። ፌዴሬሽኑ ሌሎች ተጫዋቾችን ጠርቶ አጫወተ። ጃማይካ በ2024ቱ የአህጉሩ የሴቶች ወርቅ ዋንጫ አልተሳተፈችም፤ ኦሊምፒኩንም አስቀድሞ በካናዳ ተሸንፋ አጥታዋለች። ዶናልድሰንም ውሉ ሳይታደስ ሄደ፣ ሁበርት በዝቢ ተተካ።

የሚቀጥለው ዓለም ዋንጫ በ2027 በብራዚል ነው። ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ እንዲሁም ለካሪቢያን አራት ቀጥተኛ ቦታዎች ተመድበዋል፣ ከእነዚህም ሁለቱን አሜሪካና ካናዳ አይወስዱም ብሎ የሚወራረድ ብዙ ሰው አይገኝም። ለቀሩት ሁለት ቦታዎች ከሜክሲኮና ከኮስታሪካ ጋር የሚወዳደር ቡድን ከማጣሪያው አስቀድሞ የተከፈለ ትኬት፣ የተፈረመ ውልና በጊዜ የተያዘ የወዳጅነት ጨዋታ ያስፈልገዋል። እነዚህን የማሟላት ኃላፊነት ደግሞ ኪንግስተን ባለው የፌዴሬሽኑ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው።