የቆርቆሮው ጀርባ

ጌጃ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቢሮዬ የሥነ ምግብ ምክር ፈልጎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ማግስት የመጡት እናት ግን ከፌስታል ቆርቆሮ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ጥቁር የወይራ ፍሬ ነው። (በግዕዝ «ዘይት» ዛፉም ቅባቱም ነውና ፍሬው ከበዓሉ ስም ጋር ገጥሟል።)

«ልጄ ከአሜሪካ ስትመጣ ያመጣችልኝ ነው። እሷ እሳት የነካው ነገር አትቀምስም፤ እኔንም እንደዚያ ሁኚ ትለኛለች። ይሄ ጥሬ ነው አይደል?»

ቆርቆሮውን ገልብጬ አነበብኩላቸው፦ ወይራ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ፌረስ ግሉኮኔት። የመጨረሻው ጉዱን አወጣው። ጥቁረቱ እንዳይለቅ የሚጨመር የብረት ውህድ ነው። እንዲህ ያለው ወይራ የሚለቀመው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ተነክሮ ምሬቱ ይወጣለታል፣ አየር እየተነፋበት ይጠቁራል፣ ደጋግሞ ይታጠባል። ከታሸገ በኋላ ደግሞ ከነቆርቆሮው ከ115 ዲግሪ በላይ ይቀቀላል። ጥሬ በሊዎች «ከዚህ ካለፈ በስሏል» የሚሉት 48 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

«ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ?» ብለው ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ።

ራሱ ነው፤ ታጥቦ ስለሚወጣ አይጎዳም። ያለ አንዳች መላ ግን ወይራ አይበላም። ኦሊዩሮፔይን የሚባል መራራ ነገር አለው፤ ከዛፉ ቀጥፎ የቀመሰ ይተፋዋል። የእኛው ወይራ የዚያው የሜዲትራኒያኑ ዘመድ ሲሆን ፍሬው ደቃቃ ነው፤ እሱን ለወፍ ትተን በእንጨቱ የጠላ ጋንና የወተት ቅል እናጥናለን።

ኮስቲክ ሶዳ የማይነካውም ወይራ አለ። ግሪኮች በቀጥታ ጨው ውሃ ውስጥ ከተው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ያቆዩታል፤ እዚያው እንደ ሊጥ ይቦካል። ጨው ነስንሰውበት እስኪጨማደድ የሚተዉትም አለ። ሌሎች ደግሞ ፍሬውን ፈንከት አድርገው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ውሃውን በየቀኑ ይቀይራሉ፣ ምሬቱ ሲለቅ ጨው ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል።

ይህን ስናገር እናታችን ሳቁ። «እንደ ግብጦ ነዋ!»

ያደጉት ዳንግላ ነው። እናታቸው ግብጦውን ቆልተው፣ ፈትገው፣ በጆንያ ቋጥረው ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ጋር ያስሩታል። በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ነክሰው ይተፋሉ። ያልተፉ ዕለት ደረሰ ማለት ነው፤ ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ የግብጦ ምሬት ከጣዕም ማለፉ ነው። አልካሎይዱ በደንብ ሳይወጣ የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ራሱን ያዞረዋል። «ጥሬ ሁሉ ጤና ነው» ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

እውነቱን ለመናገር ግን እኔን ያስጨነቀኝ ጥሬነቱ አልነበረም። እናታችን የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። ጨው ውሃ ውስጥ ከከረመ አረንጓዴ ወይራ 100 ግራሙ ብቻ ከ3 እስከ 4 ግራም ይይዛል፤ የቆርቆሮው ጥቁር ቀለል ቢል ወደ 2 ግራም ነው። ጥሬ የሚባሉት በጨው የከረሙት ናቸውና፣ ልጅቱ የምትመኝላቸው ወይራ ለእሳቸው የባሰው ሆነ። ይህን አላሰበችበትም፤ ብዙዎቻችንም እሳቱን ስንቆጥር ጨውን እንረሳለን።

«ይህንኑ ይብሉት፤ ግን ሌሊቱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። በቀን ከአምስት ፍሬ አይለፉ። ሽሮዎንም አይተዉ» አልኳቸው።

በሳምንቱ ደወሉልኝ።

«እንደ ግብጦው ውሃውን እየቀያየርኩ፣ በየጠዋቱ አንድ እየቀመስኩ አራት ቀን አቆየሁት። ጨዉ ወጥቷል። አሁንስ ምንም ምንም አይልም። ሚጥሚጣ ብነሰንስበት ይከለከላል?»