የወፊቱ አገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር፣ በአንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር፣ ከሸምበቆው ጀርባ ባለው ቁጥቋጦ መካከል ስስ መረባችንን ዘርግተን የያዝናትን፣ ክብደቷ ከ12 ግራም የማያልፍ፣ ጀርባዋ ቡናማ ሆዷም ነጣ ያለ አንዲት ወፍ ቀለበት ሳስርላት፣ ከብት ሲጠብቁ የዋሉ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «የማን አገር ወፍ ናት፣ ልጄ?» ቢሉኝ፣ «የአውሮፓ ናት አባቴ፤ እኛ ዘንድ በእንግድነት ነው የምትመጣው» ብዬ መለስሁላቸው። «እዚያስ ስንት ወር ትቀመጣለች?» አሉ። «ሁለት ወር ተኩል ቢሆን ነው» ብላቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ታዲያ እንግድነቷ ለማን ነው?» ብለውኝ ከብቶቻቸውን ተከትለው ሄዱ። ያ መልሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስሕተቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ በተውሁት ነበር፤ ነገር ግን በየጉባኤው፣ በየመማሪያ መጽሐፉና በየዘገባው ስለሚያጋጥመኝ፣ ትዕግሥቴም እያለቀ ስለ ሄደ፣ ዛሬ ሳልጽፈው አላልፍም። ይኸውም «ስደተኛ አዕዋፍ» የምንላቸው ፍጥረታት ሁሉ ቤታቸው በሰሜን ነው፣ ብርዱ ሲያባርራቸው ወደ እኛ ይሸሻሉ፣ ብርዱ ሲያልፍ ወደ ቤታቸው ይገባሉ የሚለው አሳብ ነው። ቃሉ ራሱ ያሳስታል፤ ስደት ሲባል ከሄሮድስ ሰይፍ የተሸሸበት የግብጽ መንገድ ይታሰበናልና። ይህችን ወፍ ግን ያሳደዳት የለም። ከአውሮፓ የምትነሣው በሐምሌ ማብቂያና በነሐሴ፣ በዚያ አገር ገና በጋ ሳለ፣ የምትመገበውም ነፍሳት ሳያልቅ ነው፤ በዚያ የነበራት ጉዳይ ተፈጽሟልና ትሄዳለች። እኔ ከስደት ይልቅ ዑደት ብለው እመርጣለሁ፤ ታቦቱ መቅደሱን ሲዞር በምሥራቅ በኩል ቢያልፍ ቤቱ በምሥራቅ ብቻ ነው የሚል የለም።

ዓመቷን እንደ ባሕረ ሐሳብ ሊቅ ብንቈጥረው እንዲህ ነው። በግንቦት ማገባደጃ አውሮፓ ትደርሳለች፤ እርጥበት ባለው ስፍራ በበቀለ ሳማና ረዣዥም ቅጠል መካከል ጎጆዋን እንደ ቅርጫት በጆሮዎቹ ከአገዳዎቹ ላይ አንጠልጥላ፣ አራት ወይም አምስት እንቍላል ትጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ከባሏ ጋር እየተፈራረቀች ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም በተፈለፈሉ በ11 ቀን ያህል ገና ክንፋቸው ሳይጠና ከጎጆ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአፍሪካ ነው። መስከረምና ጥቅምት በእኛ ዘንድና በሱዳን ታርፋለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት እየበረረች ኬንያን ታቋርጣለች። በዚያ በጻቮ ምዕራብ ፓርክ፣ ንጉሊያ በተባለው ስፍራ፣ በጉም ሌሊት በማረፊያ ቤቱ መብራት ተስበው የሚወርዱትን አዕዋፍ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀለበት የሚያስሩ የሙያ ባልደረቦቻችን ከሁሉ አብልጠው የያዙት ይህችኑ ወፍ ነው። ጥርንና የካቲትን ከዛምቢያና ከማላዊ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው ምድር ከርማ፣ በሚያዝያ ወደ ሰሜን ትመለሳለች። ሊቃውንት የሰጧት ስም እንኳ የዚያችኑ የሁለት ወር ተኩል እድሜ ብቻ ይመሰክራል፤ በ1798 እ.ኤ.አ. ቤሽታይን የተባለው ጀርመናዊ «ፓሉስትሪስ»፣ ማለት የረግረግ ወፍ፣ ብሎ ሰየማት፤ በእኛ አገር ግን ከረግረጉ ይልቅ በዙሪያው ባለው ጥሻ ውስጥ ነው ፈልገን የምናገኛት።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ዜማዋ ነው። ፍራንስዋዝ ዳውሴት ለሜር የተባሉት ተመራማሪ በቤልጂግ የሚዘምሩትን ወንዶች አጥንተው በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ይህ ወፍ ከሌሎች አዕዋፍ የሰማውን ድምፅ እየለቀመ የሚያቀናብር እንጂ የራሱ የሆነ ዜማ የለውም ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ አንዱ ወንድ በአማካይ የ76 ዓይነት አዕዋፍን ድምፅ ሲያስመስል፣ ከእነዚህ መካከል የሚበዙት የአፍሪካ ናቸው። ከአባቱ አይማርም፤ ጫጩቶቹ በሚፈለፈሉበት ጊዜ አባቶች ዝም ብለዋልና። ልጁ ዜማውን የሚሰበስበው በመጀመሪያው ዓመቱ በየመንገዱ ነው። ይህን ባነበብሁ ቍጥር የቆሎ ተማሪው ትዝ ይለኛል፤ ከወላጆቹ ቤት በልጅነቱ ወጥቶ፣ ቅኔውን በዋሸራ፣ ድጓውን በቤተ ልሔም፣ አቋቋሙን በጎንደር ተምሮ፣ ወደ ተወለደባት ደብር ገብቶ በማኅሌት ሲቆም፣ ሕዝቡ «የእኛ ልጅ» ይለዋል፤ ዜማው ግን ያደረባቸውን ጉባኤ ቤቶች ሁሉ ይናገራል። በሰኔ ማለዳ አንድ የቤልጂግ ገበሬ ከሳማው ውስጥ የሚሰማው መዝሙር ከእኩሌታው የሚበልጠው ከዚህ ክፍለ ዓለም የተወሰደ መሆኑን ማን በነገረው! (የነገረው ቢኖርም እንኳ ማመኑን እጠራጠራለሁ፤ የእኛዎቹም አላመኑኝም።)

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላደከምሁ። ነገር ግን የሐይቅ ዳር ጥሻ ለአትክልት እርሻ ሊመነጠር በታሰበ ቍጥር፣ በስብሰባው ላይ ተነሥቼ ስለ እነዚህ አዕዋፍ ስናገር፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው በጨዋነት «ወፎቹኮ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ» ይለኛል። ስለ ብርቅዬ አዕዋፋችን ሲሆን ሁሉም ይቆረቈራል፤ በእነርሱ እኔም እኮራለሁ። በዓመት ዘጠኝ ወር በዚህ ክፍለ ዓለም ስለምትኖረው ሲሆን ግን ጠባቂዋ ባዕድ ይሁን ይባላል። አንዲት ወፍ ከማዶ ለመድረስ በስብ መልክ የምትሸከመውን ስንቅ የምትሰንቀው ከእነዚያው ጥሻዎች ነፍሳት ነው፤ ስንቁ በሌለበት፣ በሰሜን ያለው ሳማ ቢጠበቅም ማን ይደርስበታል?

ዘንድሮ በየዓመቱ የምንሞላው የአዕዋፍ ቈጠራ ቅጽ ሲመጣልኝ፣ «የወፊቱ አገር» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ከመስከረም ጀምሬ የወራቱን ስም፣ በየወሩም አንጻር የምትገኝበትን ምድር ጻፍሁበት። በሳምንቱ «በአግባቡ አልተሞላም» የሚል ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰልኝ፤ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።